ስፖኪዮው አልረጋ ላለው ኮምቢ ሁሉ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ተክለሃይማኖት አካባቢ ትንሽ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት ወርክሾፕ) ላላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን ለምንጠራቸው ባለሙያ እና አብሯቸው ለሚሠራው ረዳታቸው ምስጋናችን ከልብ ነው። የቮልስዋገን ኮምቢዎቻችን የኮፒ ስፖኪዮ (ኦሪጅናሉን አስመስሎ የተሠራ የጎን መስታወት) ዛሬ ሞተር ሲነሳም ኮብልስቶን ላይም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብዙ የኮምቢ ባለቤት «ኮፒ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ እየተንቀጠቀጠ ስለሚነዳ፣ ጋሼ ምን እንደሠሩና ለምን እንደዚያ እንደሠሩ ዘርዝረን እንጽፋለን። እጁ የሚሠራለት ሰው ራሱ ይሞክረው፤ ያልሆነለት እሳቸው ጋ ይሂድ።

የምናወራው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1979 በጀርመን ስለተመረተው፣ የፊት መስታወቱ አንድ ወጥና ጎበጥ ስላለው ኮምቢ ነው። ሾፌሩ የሚቀመጠው ከፊት ጎማው በላይ ነው፤ ከኋላው ረጅም ሳጥን አለ። ሰው ወይም ዕቃ ከተጫነ የውስጡ መስታወት ምንም አያሳይም። ባጃጁም ሞተር ሳይክሉም የሚታየው በሁለቱ ስፖኪዮዎች ብቻ ነው። ስፖኪዮው ሲንቀጠቀጥ ደግሞ የኋላው መኪና መብራት እንደ ተዘረጋ መስመር ይሆንና ርቀቱን መገመት ያስቸግራል። ቀለበት መንገድ ላይ መስመር ለመቀየር በዚህ መተማመን አደጋ ነው።

ኦሪጅናሉ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ቢገኝ እንኳ ወይ የአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ወይ ክሮሙ ተልጦ ዝገት በልቶታል። ስለዚህ ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ኮፒ ይገጠማል። ኮፒው ሲያዩት ያምራል፤ ጉድለቱ ያለው ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው። መስታወቱን የሚሸከመው ክንድ አንዳንዴ ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው። ክንዱ በሩ ላይ የሚታሰርበት መቀመጫ በቀላሉ የሚበላ የዚንክ ውህድ ነው። የመስታወቱ ቤት የሚዞርበት ኳስ ላይ የሚያንሸራትት ክሮም ተለብጧል። ከበሩ ጋር የሚገናኝበት ጎማም እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ነው። ድፍን ክንድ እንኳ ቢሆን ውፍረቱ ወሳኝ ነው፤ 8 ሚሊሜትር የሆነ ክንድ መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ 10 ሚሊሜትር ከሆነው 41 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከመግዛታችሁ በፊት በካሊፐር መለካት የሚገባችሁ።

ጋሼ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ሞተሩን ያዳምጣሉ። የ1600ው ሞተር በዝግታ ሲዞር በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ነው፤ አራት ሲሊንደር ስለሆነ በአንድ ዙር ሁለቴ ያቀጣጥላል። በሰከንድ 28 ጊዜ ገደማ ይመታል ማለት ነው፤ ጤነኛ ሞተርም ይህን ምት ለበሩ ያስተላልፋል። አንዱ ሲሊንደር በደንብ ካልሠራ ግን በሰከንድ 7 ጊዜ ገደማ የሚመጣ ከባድ መንገጫገጭ ይጨመራል፤ ይህን የሚያስቆም ስፖኪዮ የለም። ስለዚህ ሻማው ይታይ፣ የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘበት በ0.15 ሚሊሜትር ይስተካከል፣ የሞተሩ ማቆሚያ ጎማ ይፈተሽ ይላሉ። ይህ ሳይደረግ የመጣ መኪና መጀመሪያ ወደ መካኒኩ ይመለሳል። ገቢ የሚያስቀርባቸው ቢሆንም እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

ሞተሩ ደህና ከሆነ የላላውን ቦታ መፈለግ ይጀምራሉ። ሞተሩን ያጠፉና በግራ እጃቸው ክንዱን ከበሩ አጠገብ ጨብጠው በቀኛቸው የመስታወቱን ቤት ይገፋሉ። ክንዱ ቆሞ ቤቱ ብቻ ከዞረ ችግሩ ኳሱ ላይ ነው። ክንዱም አብሮ ከተንቀሳቀሰ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት ጥርስ ተበልቷል። መቀመጫው ራሱ በበሩ ላይ ከተንሸራተተ፣ ወይም ዙሪያው ያለው ቀለም እንደ ክር ከተሰነጠቀ፣ ጥፋቱ ጎማው ወይም የበሩ ላሜራ ነው። ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሁለት ጥፋቶች ይደራረባሉ፤ አንዱን ብቻ ጠግኖ መተው ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል።

በኮፒዎች ላይ ከሁሉ የሚብሰው ኳሱ ነው። በእኛዎቹ ኳሱን የሚያጠብቀው ዳዶ ከመስታወቱ ጀርባ ስለነበር መጀመሪያ መስታወቱ መውጣት ነበረበት። የዙሪያው ጎማ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ እስኪለሰልስ ይጠበቃል፣ ከዚያ ከታች በኩል በፕላስቲክ ማንሻ ቀስ ተብሎ ይነሳል። በካቻቪቴ የሚነሳ መስታወት ጠርዙ ይፈረፈራል። ዳዶውና ሞላው ሲወጡ ኳሱ የሚቀመጥበትን ማቀፊያ የሚነካው በጠባብ ቀለበት ብቻ እንደነበረ የተፋቀው ምልክት ራሱ ያሳያል። ለዚህ ነው ዳዶው ቢጠብቅም ኳሱ የሚዞረው፤ የሚይዘው ፊት የለውም።

ጋሼ ኳሱን በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ፣ ማቀፊያው በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ክሮሙን ያነሳሉ። ቀጥሎ ቫልቭ የሚፋቅበትን ፓስታ ቀብተው ኳሱን በማቀፊያው ውስጥ በእጃቸው ወዲያና ወዲህ ያሻሹታል። ማቀፊያው ዙሪያውን እኩል የደበዘዘ ፊት ሲያወጣ ሁለቱ ተገጣጠሙ ማለት ነው። ከዚያ በቤንዚን ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ የቀረ ፓስታ ካለ መፋቁን ይቀጥላል። እዚህ ላይ የሚያጠፋው ሰው ብዙ ነው፦ «እንዳይንጫጫ» ብሎ ግራሶ ይቀባል፣ ወይም የቴፍሎን ቴፕ ይጠቀልላል። ሁለቱም ማንሸራተቻ ናቸው፤ ኳሱ የሚቆመው በሰበቃ ብቻ ነውና ደረቅ ሆኖ ነው የሚገጠመው። ክሮሙ የተነሳው ብረት እንዳይዝግ ከተገጠመ በኋላ ከውጭ በኩል ስስ የሰም ሽፋን ይበቃዋል።

የተልፈሰፈሰውን ሞላ አውጥተው በምትኩ ሾጠጥ ያሉ የሞላ ብረት ሮንዴላዎች ያስገባሉ። አደራደራቸውን ልብ በሉ። በአንድ አቅጣጫ የተደራረቡ ሮንዴላዎች ኃይላቸው ይጨምራል፤ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ደግሞ የሚለጠጡበት ርቀት ይጨምራል። ጋሼ አራት ሮንዴላ ሁለት ሁለት አድርገው ጥንዶቹን ፊት ለፊት ያገናኟቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን ኳሱ ትንሽ ቢበላ እንኳ ግፊቱ አይጠፋም። የሚታሰረውም ውስጡ የናይሎን ቀለበት ባለው አዲስ ዳዶ ነው። መጠኑ በእጅ ይታወቃል፦ ቤቱ በሁለት እጅ ሲገፋ የሚዞር፣ በአንድ ጣት የማይነቃነቅ መሆን አለበት።

የተበላው ጥርስ የቶርኖ ሥራ ነው። የእኛ ክንድ ጫፉ ላይ የ8 ሚሊሜትር ብሎን ጥርስ ነበረው፤ መቀመጫው የዚንክ ውህድ ስለሆነ ጥርሱ ተፍቆ አልቋል። ጋሼ የመቀመጫው ግድግዳ ውፍረት እንደሚበቃ ከለኩ በኋላ ቀዳዳውን በ8.5 ሚሊሜትር ፑንታ አሰፉና የ10 ሚሊሜትር ጥርስ በ1.5 ልኬት አወጡለት። ቀዳዳው ከሰፋ በኋላ ዙሪያውን ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ብረት ካልቀረ ይህን አይሠሩም፤ መቀመጫው ይሰነጠቃል። ለክንዱ ከማይዝግ ብረት አዲስ ጫፍ በቶርኖ አወጡና በአርጎን በየዱት። ብየዳው ላይ መቸኮል አይገባም፤ ባዶ ቱቦ በሙቀት ይጣመማልና በአራት ማዕዘን ነጥብ ነጥብ ከያዙት በኋላ ነው ዙሪያው የሚሞላው።

የማይዝግ ብረት ዳዶ በማይዝግ ብሎን ላይ ደረቅ ሆኖ በፍጥነት ከተጠበቀ ጥርሱ እርስ በርሱ ይነካከስና እዚያው ይደርቃል። በዝግታ፣ ሎክታይት 243 (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ፈሳሽ) ተቀብቶ ነው የሚታሰረው። ይህ ሰማያዊው፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ነው፤ ሙሉ ለሙሉ እስኪደርቅ 24 ሰዓት መኪናው ባይነዳ ይመረጣል። ቀዩን አትጠቀሙ፣ ለመፍታት 250 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የበሩ ቀለም ይቃጠላል። ሎክታይት ፕላስቲክ ላይ እንዳይፈስም ተጠንቀቁ፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል።

ጋሼን ከሌላው የሚለያቸው ግን በበሩ በኩል የሠሩት ነው። ከኮፒው ጋር የሚመጣው ለስላሳ ጎማ ብሎኑ ሲጠብቅ ይጨፈለቃል፤ ከዚያ በፀሐይና በጭነት ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል። ጎማው በሳሳ ቁጥር ብሎኑ የሚጎትተው ነገር ያጣል። «አጥብቄው እንደገና ላላ» የሚባለው ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነው፤ ሰውም ደጋግሞ ሲያጠብቅ የበሩን ላሜራ ወደ ውስጥ ያጎብጣል። ጋሼ የኮፒውን ጎማ ጥለው ከጠንካራ ጎማ 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አዲስ ቆረጡ። ብሎኑ በሚያልፍበት መሃል ላይ ደግሞ 1.8 ሚሊሜትር ቁመት ያለው የብረት ቡሽ (አጭር ቀለበት) አስገቡ። ብሎኑ ሲጠብቅ መቀመጫው ቡሹ ላይ ይቆማል፣ ብረት በብረት ላይ ይታሰራል፤ ጎማው ሩብ ያህል ብቻ ተጨምቆ ውሃ የመከላከል ሥራውን ይሠራል። ክብደቱን የተሸከመው ጎማው ስላልሆነ ከእንግዲህ የሚላላበት ምክንያት የለም። ይህቺ ቡሽ ቶርኖ ላይ የደቂቃዎች ሥራ ናት፤ ለውጡ ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ላሜራው አስቀድሞ ከተሰነጠቀ የበሩ የውስጥ ልባስ ይነሳና ከውስጥ በኩል 60 በ40 ሚሊሜትር የሆነ፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይገባል። ጠርዞቹ በሞረድ ይከብባሉ፣ አንቲረስት ይቀባል። የስንጥቁ ጫፍ ላይ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ቀዳዳ ካልተበሳ ስንጥቁ ከብረቱ ሥር መሄዱን አያቆምም። ብረቱን ለመግጠም የበሩን መስታወት ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ አንሱት፤ ከዚያ ወደ ታች ስታወርዱት ብሎኑ እንዳይነካው ርዝመቱን ለኩ። በሩ ላይ መበየድን ጋሼ አይስማሙበትም፤ በበሩ ውስጥ የዝገት መከላከያ ሰም ካለ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ከውጭም ቀለሙ ይላጣል።

የስፖኪዮውን መስታወት ሲመልሱ አራት ቦታ ላይ ጠብታ ሲሊኮን ያደርጋሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ግን አይነኩም፤ አሲዱ የመስታወቱን ጀርባ ያጠቁረዋል፣ ዚንኩንም ይበላል። ሽታ የሌለውን ገለልተኛውን ነው የሚጠቀሙት። ከታች በኩል 3 ሚሊሜትር የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካልነበረው ይበሱለታል።

«ኳሱን በኢፖክሲ ሙሉልኝ» ወይም «በየድልኝ» ለሚል ደንበኛ መልሳቸው አጭር ነው፦ አይሆንም። ስፖኪዮ ሰው ወይም ግንብ ሲነካ መታጠፍ አለበት፤ የማይታጠፍ ክንድ እግረኛ ይጎዳል፣ ወይም በሩን ይዞ ይቀደዳል። ክንዱን ማሳጠርን ግን አንዳንዴ ራሳቸው ያቀርባሉ። ርዝመቱ በአንድ ስድስተኛ ሲቀንስ ጥንካሬው በ1.7 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ከመቁረጣቸው በፊት ሾፌሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው የኋላው ጎማ ዳርና ጎረቤት መስመሩ አሁንም መታየቱን ያረጋግጣሉ፤ እይታው ከጠበበ ሴጌቶውን አያነሱም።

ዋጋውን ሥራ ሳይጀምሩ ይናገራሉ፣ መሃል ላይ አይጨምሩም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በላስቲክ አድርገው ይመልሳሉ፤ የትኛው እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ ረዳታቸው እያንዳንዱን እያነሳ ያስረዳል። ልጁ ሥራውን በደንብ ተምሯል፤ ጎማ ቆረጣው የሱ ነው፣ ሥራውም ንጹሕ ነው። ርክክብ የሚደረገው መኪናው ኮብልስቶን ላይ ተነድቶ ከታየ በኋላ ነው። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ብሎኑ እንዲታይ ይጠይቃሉ፣ ለዚያ ገንዘብ አይቀበሉም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ለረዳትዎም እግዜር ይስጥልን።

ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን። ስትሄዱ ሁለቱንም ስፖኪዮ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ደህና ቢመስልም ለልኬት ያስፈልጋል። ኦሪጅናል ክንድ ወይም መቀመጫ የተሰበረም ቢሆን ካላችሁ አትጣሉት፣ ጥርሱንና ማዕዘኑን ከሱ ያነሳሉ። የበሩን የውስጥ ልባስና የመስታወት ማንሻውን ቤታችሁ ፈትታችሁ ከመጣችሁ ሥራው ያጥራል። ከኮፒው ጋር የመጡትን ትናንሽ ዕቃዎች በሙሉ ከነካርቶኑ አምጡ፤ ጋሼ የማይጠቀሙባቸውን እንኳ ለይተው ይነግሯችኋል።