በየካ አባዶ ኮሙናል የልደት ዜማን በትዝታ የቃኙት የልጆች አዝናኞች

የልጄን ስድስተኛ ዓመት የልደት በዓል ያከበርነው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ነዋሪው ሁሉ ኮሙናል በሚለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ለሁለት ሰዓት ዝግጅት በ12 ሺህ ብር ተስማምቼ ያመጣኋቸው የልጆች አዝናኞች ሦስት ወጣቶች ሲሆኑ፣ አንዷ ትዘፍናለች፣ አንደኛው የአንበሳ ልብስ ለብሶ ልጆቹን ያጫውታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ኪቦርድና ክራር ይጫወታል። የምነቅፈውም የማመሰግነውም ስላለ የቡድኑን ስም አላነሣም፤ ሆኖም ለልጁ ልደት አዝናኝ የሚፈልግ ወላጅ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚጠቁም ነገር ስላየሁበት በዝርዝር ልጽፈው ወደድኩ።

ነቀፌታዬን ላስቀድም። ቡድኑ የደረሰው ከቀጠሮው 35 ደቂቃ ዘግይቶ ነው፤ ከመሃል ከተማ እኛ ሰፈር ድረስ ያለውን የቅዳሜ ከሰዓት መንገድ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀየምም። የከበደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ትልቁን ሞንታርቦ ልጆቹ ከተቀመጡበት ምንጣፍ ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ አርቀው አቆሙና ፍላሽ ሰክተው፣ ለጭፈራ ቤት ተብሎ የተሠራ የፍቅር ዘፈን እስከ መጨረሻው ከፍተው ለቀቁት። የአዳራሹ ግድግዳም ወለልም ባዶ ሲሚንቶ ስለሆነ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ግጥሙንም ዜማውንም አንድ ላይ ይደፈጥጠዋል። የጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጅ ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ይዛ በእናቷ ነጠላ ሥር ስትሸጎጥ አየሁ። ከዚህ ቀደም በተጠራሁባቸው ልደቶችም ያጋጠመኝ ይኸው ነው፤ ድምፁ ከፍ ካለ ልጆቹ የተደሰቱ ይመስለናል፣ እነሱ ግን ከጩኸቱ በላይ ለመሰማት ሲጮኹ ነው የሚውሉት። ተነሥቼ ዝቅ እንዲያደርጉት ስጠይቃቸው ዘፋኟ ሳትከራከር ይቅርታ ጠየቀች፤ ፍላሹን ነቅላ ሞንታርቦውን ወደ ጥግ አስገፋችና ወደ ክራር ተጫዋቹ ዞር ብላ «በቃ፣ በእጃችን እንሥራው» አለችው።

እውነተኛው ዝግጅት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ያወረሰኝን ካሴቶች እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝና ኪቦርዱ ላይ የተጀመረውን የባስ ሐረግ በሁለተኛው ዙር ለየሁት፤ «ሙዚቃዊ ስልት» ነበር። በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቼ በለው» አልበሙ ውስጥ ያካተተው ይህ ሥራ ግጥም የለውም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ለልጆች ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። እነዚህ ወጣቶች ግን የተጠቀሙበት ግጥም አልባ መሆኑን ነው። አንበሳው ልጆቹን በክብ አቆማቸው፤ ሙዚቃው ሲሄድ ይራመዳሉ፣ ሲቆም በቆሙበት ይደርቃሉ። ቀጥሎም ዘፋኟ ተደጋጋሚውን የባስ ሐረግ «ዱም ዱም» እያሉ እንዲይዙት ለልጆቹ ሰጠችና የነፋስ መሣሪያዎቹን ዜማ ራሷ በድምፅዋ ከላይ አወጣችው፤ በ«አበባየሆሽ» አንዷ አውጥታ ሌሎቹ «ለምለም» እያሉ እንደሚቀበሉት ማለት ነው። ማውጣትና መቀበልን የእኛ ልጆች ከእንቁጣጣሽና ከቡሄ ጭፈራ ያውቁታልና ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋችም።

በተለይ አንድ ነገር አስደሰተኝ። ዘፋኟ መጀመሪያ የጀመረችበት ድምፅ ለልጆቹ ጉሮሮ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነበር፤ ሲያጉረመርሙ እንደ ሰማች በጣቷ ወደ ላይ ምልክት ሰጠች፣ ኪቦርድ ተጫዋቹም ዜማውን ወደ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ አድርጎ ተከተላት፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ጥርት ባለ የልጅ ድምፅ ሞላ። የስድስት ዓመት ልጅ በትልቅ ሰው ድምፅ ልክ መዝፈን እንደሚከብደው ብዙ አዝናኞች አያስቡትም፤ ልጆቹ ዝም ሲሉም ዓይን አፋር ናቸው ይባላል።

ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ግን ኬኩ ከመቆረሱ በፊት የሆነውን ነው። «መልካም ልደት» እያልን የምንዘፍንበት ዜማ ሁለት አሜሪካውያን እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1893 ለአጸደ ሕፃናት ልጆች የጠዋት ሰላምታ አድርገው ያሳተሙት ነው። ዜማው ከዶ እስከ ሲ ያሉትን ሰባቱንም ድምፆች ይነካል። ክራር ግን የሚቃኘው በባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው፤ ከቅኝቶቹ አንዱ የሆነው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላን ይይዛል እንጂ ፋ እና ሲ የሉትም። ስለዚህ ወጣቱ ኪቦርዱን ዘግቶ ክራሩን ሲያነሣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ አልገባኝም ነበር። ክራሩ በሌላ ቅኝት፣ በባቲ፣ ተቃኝቶ ስለ ነበር መጀመሪያ መለወጥ ነበረበት፤ ጆሮውን ወደ ቀንበሩ አስጠግቶ አንዱን ክር ላላ፣ ሌላውን ጠበቅ እያደረገ ቀስ ብሎ ይነካካዋል። ልጄ ተጠግታ «ጋሼ፣ ክራሩ አሞት ነው?» ስትለው፣ «አላመመውም የኔ እመቤት፤ ባቲ ነበር፣ አሁን ትዝታ እያደረግኩልሽ ነው» አላት። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ለሁለት ደቂቃ ያህል ክር ሲቃኝ ቁጭ ብለው ተመለከቱ፤ እኛ በልጅነታችን አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ጸጥ ብለን እንሰማ እንደ ነበረው ማለት ነው።

ከዚያ ጀመረ። የመጀመሪያው ሐረግ ሲ ላይ ሊያርፍ ሲገባው ላ ላይ አሳረፈው፤ የልጄ ስም በሚጠራበት በሦስተኛው ሐረግ ከዶ ወደ ሲ መውረዱን ትቶ በቀጥታ ወደ ላ ወረደ፤ በመጨረሻው ሐረግ መነሻ ላይ ያለውን ፋ ደግሞ በሶል ተካው። ለውጡ ይኸው ብቻ ነው፤ ዜማው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑ ጠፍቶ ከወሎ የወረደ መሰለ። ምቱ በሦስት የሚቆጠር በመሆኑም አንበሳው ከበሮ ይዞ በችክችካ ምት ሲገባበት አልተጣላም። እናቴ ከወንበሯ ቀና ብላ «እንዴ! ይሄ ዘፈን የእኛ ነበር እንዴ?» አለች፤ ሁለት ልጆች ሳይነገራቸው ትከሻቸውን መምታት ጀመሩ። የሌላ ሰው ሥራ የሚጫወት ሙዚቀኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥረው የመጀመሪያውን ለመምሰል ነው። ይህ ወጣት ግን መሣሪያው የማይሰጠውን ድምፅ ከኪቦርዱ ሳይበደር፣ ባሉት አምስት ድምፆች ዜማውን እንደ አዲስ ሠራው፤ ያን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረገውም ኬክ ለሚጠባበቁ ልጆች ነው። ይህን አክብሮት ነው ገንዘብ የከፈልኩበት የምለው።

የቀረውን በአጭሩ ላንሣ። ልጆቹ ፊታቸው ላይ የተቀቡት ቀለም በውሃ ብቻ ይለቃል። አንበሳው ትንንሾቹ እንዳይፈሩ የልብሱን ጭንቅላት አውልቆ ፊቱን እያሳየ መጀመሩ ጥሩ ነበር። የአስማት ትርዒት ተብሎ የቀረበው ግን ከኋላ ለተቀመጡት ስለማይታይ ቢቀር ይሻላል። የዘገዩበትን 35 ደቂቃ መጨረሻ ላይ አሟልተው ሠርተዋል፣ ተጨማሪ ብርም አልጠየቁም።

ለልጄ ታናሽ ወንድም ልደት ቀብድ ከፍዬ ከእነሱው ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስጽፌአለሁ፤ ፍላሽ አይሰካም፣ ክራሩም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይወጣል። ክራር ተጫዋቹ በዚያን ቀን የልደት ዜማውን በአንቺሆዬ ቅኝት ሊሞክረው ቃል ገብቶልኛል።