ናኖቪኤንኤ ኤች4 በጅማ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ይቺን መሣሪያ የገዛኋት ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ሂርማታ ያለችው ሱቄ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ እየወረደ ነው። በእነዚህ ስምንት ወራት ያልነካኋት ቀን ቢኖር እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርቶን በተከፈተ ማግስት የሚጻፈውን ዓይነት ሙገሳ ከእኔ አትጠብቁ።

ሥራዬ የሬዲዮና የቴሌኮም መፈተሻ መሣሪያዎችን መጠገን ነው። ሲግናል ጀነሬተር፣ ፍሪኩዌንሲ ካውንተር፣ ፓወር ሜትር፣ አልፎ አልፎም ስፔክትረም አናላይዘር። የዚህ ሥራ ጣጣው ምን መሰላችሁ? የታመመውን መሣሪያ ለመመርመር ሌላ ጤነኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። ጤነኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታመመው ይወደዳል። እኔም ለዓመታት በአንድ ቴስተርና በአንድ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ነበር የምንፏቀቀው። ከአቅሜ በላይ የሆነውን አስጭኜ አዲስ አበባ እልካለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ከዚያ ወረፋ፣ ከዚያ መልስ። ደንበኛው እስከዚያ ድረስ ስልኬን ያጨናንቃታል።

ናኖቪኤንኤ ቬክተር ኔትወርክ አናላይዘር ናት። ከአንደኛው ፖርት ሲግናል ትልካለች። ስንቱ ተንጸባርቆ እንደተመለሰ ትለካለች፤ ስንቱ በዕቃው ውስጥ አልፎ ሁለተኛው ፖርት እንደደረሰም ትለካለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። መጀመሪያ የነደፋት ጃፓናዊ የሬዲዮ አፍቃሪ ነው፤ ንድፉን ለማንም ክፍት አደረገው፤ ቻይና ውስጥ ተሻሽሎ ተባዛ። የእኔዋ ኤች4 የምትባለው ናት፣ ባለ 4 ኢንች ስክሪን። ዋጋዋ ከአንድ ደህና ስልክ ያንሳል። እስከ 1.5 ጊጋኸርዝ ትሠራለች ይባላል። ወደዚህ ቁጥር እመለሳለሁ።

ዋጋዋን የከፈለችው ኅዳር ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ሲግናል ጀነሬተር ላከልኝ። «ይሠራል፣ ግን ምንም አያወጣም» አለኝ ይዞት የመጣው ሰው። እንዲህ ሲሉኝ ሁሌ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። «ሬዲዮው ጀነሬተሩ ላይ ተሰክቶ ሳለ የመነጋገሪያ ቁልፉን የተጫነ ሰው አለ?» ሰውዬው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። መልሱን አገኘሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀነሬተሩ ለሬዲዮው መቀበያ የሚልከው የማይክሮቮልት ሲግናል ነው። ቁልፉ ሲጫን ግን ዎኪቶኪው በዚያው ኬብል 5 ዋት ይልክለታል። መውጫው ላይ ያለው አቴኑዌተር፣ ማለትም ሲግናል የሚያዳክመው ክፍል፣ ይህን ለመቀበል አልተሠራም። ጭስ እንኳ ላይታይ ይችላል፤ ሬዚስተሯ ዝም ብላ ትሞታለች።

መውጫው አጠገብ ያለውን የ20 ዲቢ ክፍል ነጥዬ አወጣሁና ናኖዋ ላይ ሰካሁት፤ ዲቢ ሲግናሉ ስንት እንደተዳከመ የሚነገርበት መለኪያ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የሚንጸባረቀውን ነው። ኤስደብሊውአሩ (የነጸብራቁ መለኪያ ነው፤ 1 ከሆነ ምንም አልተመለሰም ማለት ነው) 1.2 አለኝ። ጤነኛ ነው አልኩ፤ ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል ሁለተኛው ፖርት ትዝ አለኝ። የሚያልፈውን ሳይ ጉዱ ወጣ። መስመሯ ከዜሮ በታች 20 ላይ ቀጥ ብላ መሄድ ነበረባት። 10 ሜጋኸርዝ ላይ ከ60 ዲቢ በታች ወርዳለች፤ ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ደግሞ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። የተቆረጠ ሬዚስተር ጠባይ ይህ ነው። ሲግናሉ በሬዚስተሩ ማለፍ ሲያቅተው በተሰነጠቀው ክፍተት እየዘለለ ያልፋል፤ ክፍተቱ እንደ ጥቃቅን ካፓሲተር ሆኗል ማለት ነው።

ታዲያ የሚንጸባረቀው ለምን ጤነኛ መሰለ? ይኼ ነው የገረመኝ። የ20 ዲቢ ክፍል በሦስት ሬዚስተር ይሠራል፤ ሁለቱ ወደ ግራውንድ የሚወርዱ 61 ኦም ገደማ፣ መሃል ላይ የምትጋደመው 247 ኦም ገደማ። ደህና ሲሆን በቴስተር ከየትኛውም ጫፍ 51 ኦም ይነበባል። የመሃሏ ስትቆረጥ 61 ይቀራል። እነዚህ መሣሪያዎች የሚጣጣሙት በ50 ኦም ነው፤ 61 ለ50 ሲካፈል 1.2 ነው። ሞቶም ፊቱ ደህና ሰው ይመስላል! ቴስተሩን አነሳሁ፤ 61 አለኝ። ለልምምድ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመጣ ልጅ አብሮኝ ነበር። «ጋሼ፣ ታዲያ ቴስተሩ ከበቃ ናኖዋ ለምን አስፈለገች?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። እኔ ግን ቴስተሩን የት ላይ እንደማሳርፍ የነገረችኝ እሷ ናት።

247 ኦም ጅማ ውስጥ ከየት ይመጣል? ከአንድ የተጣለ ቦርድ ላይ 240 ፈልቅቄ በየድኩባት። ውጤቱ 19.8 ዲቢ ሆነ። እዚህ ቤት ይህ ድግስ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኔ ክብር የሚጨምር አይደለም። ወደ ሊሙ አቅጣጫ ያለ አንድ የቡና እርሻ ሬዲዮው መስማት አቃተው። ሬዲዮው ደህና ነው፤ ጥርጣሬው ወደ አንቴናው በሚወጣው 30 ሜትር ኬብል ላይ ወደቀ። ናኖዋ ኬብሉ የት ላይ እንደተጎዳ በሜትር የምትናገርበት ዘዴ አላት። ሰካሁ፣ ለካሁ፣ «35 ሜትር ላይ ነው» አልኩ ኮራ ብዬ። የእርሻው ዘበኛ ኬብሉን አየ፣ እኔን አየ፣ «ታዲያ አየር ላይ ነው እንዴ የተበላሸው?» አለ።

ሲግናል በኬብል ውስጥ በብርሃን ፍጥነት አይሄድም። በዚያ ዓይነት ተራ ጥቁር ኬብል ውስጥ የብርሃንን 66 በመቶ ያህል ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ መሣሪያዋን 100 ላይ ትቻት ነበር። አስተካክዬ ስለካ 23 ሜትር አለች። እዚያ ላይ ላስቲኩ ተልጦ ውሃ ገብቶበታል፤ የመዳብ ጥልፉ አረንጓዴ ሆኗል። በጅማ ዝናብ ኬብል ከላይ አንዴ ከተላጠ ውሃው ወደ ታች ለመውረድ ማንንም አያስፈቅድም። ዘበኛው አሁንም ሲያየኝ ይስቃል።

ወደ 1.5 ጊጋኸርዙ ልመለስ። መሣሪያዋ በራሷ አቅም የምትሠራው እስከ 300 ሜጋኸርዝ ነው። ከዚያ በላይ ሦስተኛውን ሃርሞኒክ፣ ማለትም የራሷን ሲግናል ሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ፣ ከ900 በላይ ደግሞ አምስተኛውን ትጠቀማለች። ሃርሞኒኩ ከፍ ባለ ቁጥር ሲግናሉ እየደከመ ይሄዳል፤ መስመሯም መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ለኤፍኤም፣ ለ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ዎኪቶኪ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አምናታለሁ። 450 አካባቢ ላለውም ታገለግላለች። 1 ጊጋኸርዝ ላይ ግን 60 ዲቢ አቴኑዌተር ልለካባት ብዬ አልጀምርም። የሞባይል 1800 እና 2100 ባንድ ጭራሽ ከክልሏ ውጭ ነው። የቴሌኮም ማማ ላይ ልሠራባት ብሎ የሚገዛት ካለ ገንዘቡን ይያዝ።

ካሊብሬሽን፣ ማለትም ከመለካት በፊት መሣሪያዋን በታወቁ ዕቃዎች ማስተካከል፣ የሚሰለቸው ሰውም ባይገዛት ይሻላል። ክፍቱን ትሰካለህ፣ ሾርቱን ትሰካለህ፣ 50 ኦሙን ትሰካለህ፣ መጨረሻ ሁለቱን ኬብል ታገናኛለህ። ይህን ካላደረግህ የምትለካው የራስህን ኬብል ነው። ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። ካሊብሬት ካደረግህ በኋላ የፍሪኩዌንሲ ክልሉን ስትቀይር ከትልቅ ወደ ትንሽ ፊደል ትለወጣለች። «አሁን በግምት ነው የምነግርህ» ማለቷ ነው። እኔ ይህን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ሁለት ወር ሙሉ በግምት ስትነግረኝ ነበር።

50 ኦሟ ጥፍር የምታክል ናት። አንዴ ወድቃ ወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ገባችብኝ፤ ልጁ በማግኔት ሊያወጣት ሞክሮ ናስ መሆኗን ሲረዳ ጣውላውን ነቀልነው። አሁን በካራሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው።

ትልቁ ቅሬታዬ ኮኔክተሮቿ ናቸው። ኤስኤምኤ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ነው። ደህናው እንኳ 500 ጊዜ ያህል ለመፍታትና ለመግጠም ነው የተሠራው። እኔ በቀን አምስት ጊዜ ብገጥም በአራት ወር 500 ሞላሁ ማለት ነው። እንደ ሒሳቡም የካቲት ላይ መስመሯ መዝለል ጀመረች። ኬብሉን በጣት ነካ ሳደርገው ይስተካከላል፣ ስለቀው ይዘላል። ሽፋኑን ከፈትኩ። የአንደኛው ፖርት መሃል ፒን ከቦርዱ ላይ ፀጉር በምታክል ስንጥቅ ተላቋል። በማጉያ መነጽር ካልሆነ አይታይም። በየድኩት። ከዚያ በሁለቱም ፖርት ላይ አጭር አዳፕተር አጥብቄ ተውኩ፤ የሚያልቀው አዳፕተሩ ይሁን። ካሊብሬሽኑንም በአዳፕተሩ ጫፍ ነው የማደርገው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ኬብሉን ራሱን እያዞርኩ አጠብቅ ነበር። መዞር ያለባት ነቷ ብቻ ናት።

ባትሪዋን አመሰግናለሁ። መብራት ሲጠፋ ትልልቆቹ መሣሪያዎች ዝም ሲሉ እሷ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ስታልቅ ፓወር ባንክ ይበቃታል። ፀሐይ ላይ ግን ስክሪኗ አይታይም። እርሻው ላይ ጋቢ ተከናንቤ ነው ያነበብኩት፤ ዘበኛው ያን ጊዜም ስቋል።

አንድ ነገር ላስታውስ። ወደ እኔ የሚመጡት አሮጌ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የታመሙት አርኤፍ ላይ፣ ማለትም የሬዲዮ ሲግናሉ የሚያልፍበት ክፍል ላይ፣ አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ካፓሲተር ደርቋል፣ ፋን ቆሟል፣ ወይም ሚሞሪውን የምትጠብቀው ባትሪ ፈስሳ ቦርዱን በልታለች። የመጨረሻው ከሁሉም ይብሳል፤ የፋብሪካው የካሊብሬሽን ቁጥሮች አብረው ይጠፋሉ። ለዚህ ሁሉ ናኖዋ አትረዳም። ቴስተር፣ መበየጃና ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። እሷን ገዝቼ ሁሉን እጠግናለሁ የሚል ካለ መጀመሪያ ቴስተሩን በደንብ ይልመድ።

ቅጂዋም ብዙ ነው። የውስጡ ሰርኪዩት በቆርቆሮ ያልተሸፈነ ሲገጥማችሁ ተዉት፤ አንዱ ፖርት ወደ ሌላው በአየር ያፈስሳል፤ እንደ እኔ ጀነሬተር ዓይነት ምርመራ ላይ ያሳስታችኋል። ደግሞ ምንም ቢሆን ሬዲዮ ማስተላለፊያ በቀጥታ አትሰኩባት። ልጁ የሱቁ ዎኪቶኪዎች የመነጋገሪያ ቁልፍ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፏል፤ ለመፈተሻ ሲሰካ ፕላስተሩ አይነሳም።

ብትጠፋብኝ ደግሜ እገዛታለሁ። አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የማገኛቸው መሣሪያዎች መውጫ ትልቁ የኤን ዓይነት ኮኔክተር ነው፤ የእኔ ካሊብሬሽን ኪት ደግሞ ኤስኤምኤ። በመሃል የምትገባው መቀየሪያ ዝቅተኛው ባንድ ላይ ብዙም አትጎዳም፤ ከፍ ሲል ግን ትቆጠራለች። የኤን ኪቱን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሳገኝ አስመጣለሁ። እስከዚያ ድረስ በጠረጴዛው ላይ ያለው ፓወር ሜትር ይጠብቀኛል፤ እሱም ፋኑ ቆሞ ነው የመጣው።