«ወጥ እንጨት ነው» ተብሎ በሚሸጥ ጊታር እንዳትታለሉ

ልጄ ጊታር መማር በጀመረች ሰሞን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ቦክስ ጊታር በ42 ሺህ ብር ገዛሁ። እዚያው ግድግዳ ላይ በ15 ሺህ ብር የሚሸጥ ሌላ ተሰቅሎ ነበር፤ ሻጩ ግን የውዱ ፊትም ጀርባም ወጥ እንጨት መሆኑን፣ ጀርባውም ሮዝውድ የሚባል ውድ እንጨት መሆኑን ስላስረዳኝ የ27 ሺህ ብሩን ልዩነት ዓይኔን ሳላሽ ከፈልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ክር እንዲቀይርልኝ የወሰድኩለት ባለሙያ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በስልኩ መብራት አሳየኝ። እንጨቱ ወጥ ቢሆን ኖሮ ፊቱ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች በጠርዙ ላይ ሳይቋረጡ ወደ ውስጥ መውረድ ነበረባቸው፤ የኔው ግን ከላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ነጣ ያለ ሽፋን፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ ከዚያም በታች ሌላ ሽፋን ነበር። ለካስ ኮምፔንሳቶ ኖሯል። ጊታሩን ይዤ ስመለስ ሻጩ ደረሰኙ ላይ «ጊታር 1» ከሚል በቀር የተጻፈ ነገር እንደሌለ አሳይቶ ሸኘኝ።

ኮምፔንሳቶ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም። የያማሃው ኤፍ 310 ፊቱ ኮምፔንሳቶ ሆኖ ብዙ ጀማሪ የተማረበት ጊታር ነው፤ እንዲያውም ወጥ እንጨትን የሚሰነጥቀው የበጋ ደረቅ አየር እሱን ብዙም አይነካውም። ለዚያው ለያማሃ ኤፍጂ 800 የምትጨምሩት ገንዘብም ምክንያት አለው፤ ፊቱ ስፕሩስ ከሚባል ወጥ እንጨት ነውና። በደሉ የአንዱን ዋጋ ተቀብሎ ሌላውን መስጠት ነው።

በጀርባው እንጨት ስም የሚጨመረው ዋጋ ግን፣ እውነተኛ ሮዝውድ ቢሆን እንኳ፣ ለጀማሪ የሚገባ አይመስለኝም። የእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያዩ 6 ጊታሮችን የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያዩ የተጫወቱ 52 ጊታሪስቶች ለውዱም ለርካሹም እንጨት ተቀራራቢ ነጥብ ነው የሰጡት። (ልጄም ብትሆን ስለ ኮምፔንሳቶው ከነገርኳት በኋላ የጊታሩን ድምፅ እንደወደደችው ነው።)

ጣትን የሚያሳምመውና ተማሪን የሚያስመርረው ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተተከለው የብረት ዘንግ) ሲርቅ ነው፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን ሻጩ አስተካክሎ እንዲያስረክባችሁ ጠይቁ። ቀዳዳውን በመብራት ካያችሁ በኋላም የፊቱና የጀርባው እንጨት ምን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ በአፉ የነገራችሁን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠማችሁ አትክፈሉት።