ጣሊያንን ለመጎብኘት፦ ትንሽ ቡድን፣ ትልቅ አውቶቡስ ወይስ በራስ መንገድ?

ጣሊያንን ለማየት ያሰበ ሰው ገበያው ላይ የሚያገኘው በጥቅሉ ሦስት ምርጫ ነው፦ ከ40 እስከ 50 ሰው በአንድ አውቶቡስ የሚይዝ ጉብኝት፣ ከ10 እስከ 16 ሰው የሚጓዝበት አስጎብኚ ያለው ትንሽ ቡድን፣ ወይም ሆቴሉንም ባቡሩንም ራስ ይዞ መሄድ። ሮም፣ ፍሎረንስና ቬኒስ በሦስቱም ፕሮግራሞች ውስጥ ስለሚገኙ የከተሞችን ስም ብቻ እያዩ ማወዳደር ገዢውን አይረዳውም። ልዩነቱ የሚታየው ሌሊቱ የት እንደሚታደርና የቡድኑ ብዛት የትኛውን በር እንደሚከፍት፣ የትኛውን እንደሚዘጋ ሲጠየቅ ነው።

ሻጮች «ትንሽ ቡድን» የሚሉት ቁጥር ከድርጅት ድርጅት በእጅጉ ይለያያል። ኢንትሬፒድ የተባለው የአውስትራሊያ ድርጅት አብዛኞቹን ጉዞዎቹን ከ16 ሰው አያሳልፍም፤ የአሜሪካው ሪክ ስቲቭስ ግን ከ24 እስከ 28 ሰው ይዞ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም ከትልቁ አውቶቡስ ያነሱ ቢሆኑም በአንድ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከፍተኛው ቁጥር እንጂ አማካዩ አይደለም።

ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ በፓዶቫ የሚገኘው የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት በሚገባ ያሳያል። ጆቶ በ14ኛው መቶ ዘመን መባቻ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በሥዕል የሸፈነው ይህ ቤት በአንድ ጊዜ ከ25 ሰው በላይ አያስገባም። ጎብኚዎቹ መጀመሪያ የአየሩ እርጥበት በሚመጠንበት የመስታወት ክፍል ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ይቆያሉ፤ ከዚያ በሩ ተከፍቶ ሥዕሎቹን ለማየት ሌላ 15 ደቂቃ ያህል ይሰጣቸዋል፤ ሰዓቱ ሲሞላም ለቀጣዮቹ ቦታ ይለቃሉ። 12 ሰው የያዘ አስጎብኚ ሁሉንም በአንድ ዙር አስገብቶ ስለ ሥዕሎቹ በመስታወቱ ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ ሊያብራራ ይችላል። 45 ሰው የያዘው ግን ቡድኑን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ውጭ ማስጠበቅ ስላለበት፣ ቦታው በትልልቅ አውቶቡሶች ፕሮግራም ላይ እምብዛም ባይታይ አያስገርምም። ቬኒስም በፈረንጆች ከ2024 ጀምሮ የሚመሩ ቡድኖች ከ25 ሰው እንዳይበልጡና ድምፅ ማጉያ እንዳይጠቀሙ ወስናለች።

የማደሪያው ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቬኒስ ደሴት ውስጥ መኪና ስለማይገባ ብዙዎቹ የአውቶቡስ ጉብኝቶች ተጓዦቻቸውን በየብስ በኩል ባለችው በሜስትሬ ያሳድራሉ፤ ጠዋት ያስገቧቸዋል፣ ማታ ይመልሷቸዋል። ትንሹ ቡድን ደሴቲቱ ውስጥ ካደረ፣ የቀን ጎብኚው ተጠራርጎ ከወጣ በኋላ ያለችውን ከተማ ያገኛል፤ በእኔ ግምት የዋጋውን ልዩነት በብዛት የሚያካክሰው ይህ ነው። በቺንኩዌ ቴሬም እንዲሁ ነው፤ አምስቱን የባሕር ዳር መንደሮች የሚያገናኛቸው ከላ ስፔትሲያ የሚነሳ የአካባቢ ባቡር ሲሆን ትልቅ አውቶቡስ በመንደሮቹ ጠባብ መንገዶች ሊገባ አይችልም። የትልቁ ቡድን ተጓዥ ለጥቂት ሰዓት ደርሶ ይመለሳል፣ የትንሹ ደግሞ አንዱ መንደር ውስጥ ሊያድር ይችላል። ዋጋው ሻንጣ መጎተት ነው፦ ከአምስቱ መንደሮች አንዷ ወደሆነችውና በገደል አናት ላይ ወደምትገኘው ኮርኒሊያ ከባቡር ጣቢያው የሚያወጣው ደረጃ ከ370 በላይ እርከን አለው፤ በቬኒስም አብዛኞቹ ድልድዮች ደረጃ አላቸው። በብዙ ትንንሽ ቡድኖች ሻንጣውን የሚሸከመው ባለቤቱ ራሱ ነው። እናትና አባቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አንድ መስመር ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነበው ይገባል።

በምግብ በኩል ለእኛ አገር ተጓዥ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የአውሮፓ ዋና የጉብኝት ወቅት ሲሆን የፍልሰታ ጾም ደግሞ በፈረንጆች ነሐሴ 7 ቀን ይጀምራል። በጾሙ መካከል፣ በዚያው በፈረንጆች ነሐሴ 15፣ ጣሊያኖች ፌራጎስቶ የሚሉትን በዓላቸውን ስለሚያከብሩ በርካታ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ቦሎኛ ውስጥ የሚቀርበው፣ ታልያቴሌ የሚባለው ያልደረቀ ፓስታ ሊጡ በእንቁላል የተቦካ ነው፤ ደረቁ ስፓጌቲ ግን በአብዛኛው ከስንዴና ከውሃ ብቻ ስለሚሠራ ከቲማቲም ሱጎ ጋር፣ አይብ ሳይነሰነስበት፣ ለጿሚ ይሆናል። ለ45 ሰው አስቀድሞ በታዘዘ አንድ ዓይነት እራት ላይ ይህን ማስለወጥ አስቸጋሪ ነው። ቡድኑ 12 ሲሆን ግን መሪው ወጥ ቤት ገብቶ በጣሊያንኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነገሩ ያልቃል። ሐላል ምግብ ለሚሹ ወገኖችም ያው ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ ትንሹ ቡድን በቀን ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል፤ ምክንያቱም ስውር አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንድ ፈቃድ ያለው የአካባቢ አስጎብኚ ለግማሽ ቀን 240 ዩሮ ይከፈለዋል ብንል፣ ለ12 ሰው ሲካፈል 20 ዩሮ፣ ለ48 ሰው ሲካፈል 5 ዩሮ ይደርሳል። ሆኖም የአውቶቡሱ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። «አማራጭ ጉብኝት» ተብለው መንገድ ላይ የሚሸጡት በጎንዶላ፣ ማለትም በቬኒስ ጀልባ፣ የሚደረግ ሽርሽር፣ የምሽት እራትና አንዳንድ የመግቢያ ትኬቶች ሲደመሩ ልዩነቱ ይጠባል። በቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት የመስታወት ሱቅና በፍሎረንስ የቆዳ መደብር ውስጥ የሚጠፋው ሰዓት ደግሞ በገንዘብ ባይተመንም ከጉብኝቱ ላይ የተቀነሰ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ለነጠላ ክፍል የሚጠየቀውን ጭማሪ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አንዳንድ የትንሽ ቡድን አዘጋጆች ከተመሳሳይ ጾታ ተጓዥ ጋር አጣምረው ጭማሪውን ያስቀራሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ትልቁ አውቶቡስ የራሱ ገዢ አለው። በአሥር ቀን ሮምን፣ ቬኒስን፣ ስዊዘርላንድንና ፓሪስን አይቶ መመለስ የሚፈልግ፣ ሻንጣውን ሌላ ሰው እንዲያወርድለት የሚሻ፣ ብዙ መራመድ የማይችል ሰው ለትንሽ ቡድን ትርፍ ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል፤ እንዲህ ያለ ጥድፊያ የትንሹን ቡድን ጥቅም ሁሉ ይበላዋል። አሽከርካሪው በአውሮፓ ሕብረት ሕግ መሠረት ከአራት ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ እንዳለበት ግን ይታወቅ።

ራሱን ችሎ ለሚጓዝ ሰው ጣሊያን ከባድ አገር አይደለችም። ፈጣኑ ባቡር ከሮም ፍሎረንስ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርሳል፤ በዚህ መስመር ትሬኒታሊያና ኢታሎ የተባሉ ሁለት የባቡር ድርጅቶች ስለሚፎካከሩ ቀደም ብሎ የገዛ ርካሽ ትኬት ያገኛል። ችግሩ የቦታ ማስያዝ ነው፤ የሮሙ ቦርጌዜ ሙዚየም ለምሳሌ አስቀድሞ በተያዘ የሁለት ሰዓት ተራ ብቻ ነው የሚያስገባው። በምላሹ ማንም ያላቀደልዎትን ማየት ይችላሉ፤ የአክሱም ሐውልት በፈረንጆች ከ1937 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞበት የነበረው የፖርታ ካፔና አደባባይ ከኮሎሲየም በእግር የሚደረስበት ቢሆንም በተለመዱት ፕሮግራሞች ውስጥ አይገባም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ፣ አሜሪካ በግሪን ካርድ የሚኖረውም ጭምር፣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ክፍያው ከሰኔ 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድንም ይጠየቃል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ውሳኔው በመደበኛ ሁኔታ 15 ቀን ሲወስድ እስከ 45 ቀንም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ከመክፈል በፊት ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ትንሹን ቡድን ለመረጠ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ አለ። ዝቅተኛው የተጓዥ ቁጥር ካልሞላ አዘጋጁ ጉዞውን ሊሰርዝ ይችላል። በአውሮፓ ሕብረት ውስጥ ለሚሸጡ የጉዞ ጥቅሎች የወጣው፣ በፈረንጆች ከሐምሌ 2018 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ፣ ከስድስት ቀን በላይ ለሚወስድ ጉዞ ስረዛው ቢያንስ ከ20 ቀን በፊት እንዲነገርና የተከፈለው ሁሉ እንዲመለስ ያዛል፤ ለብቻ የተገዛውን የአውሮፕላን ትኬት ግን አይሸፍንም። ከአሜሪካ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ድርጅት የሚገዛ ሰው ይህ ጥበቃ ላይደርሰው ስለሚችል የሚታመነው በውሉ ላይ በሰፈረው ቃል ብቻ ነው። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የአውሮፕላኑ ትኬት መገዛት ያለበት ጉዞው እንደማይሰረዝ አዘጋጁ በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ነው።