ፒጂ ባክሬስት፦ የፖስትግሬስ ዳታን ወደሚፈለገው ደቂቃ ለመመለስ

በየሌሊቱ በፒጂ ደምፕ (የዳታቤዙን ይዘት ወደ ፋይል በሚያወጣው መሣሪያ) ባክአፕ ለሚይዝ ቤት ዲስኩ ከሰዓት በኋላ ቢሞት የዚያን ቀን ሥራ የሚመልስለት የለም። ፖስትግሬስ ለተባለው ዳታቤዝ የተሠራው ነጻ ሶፍትዌር ፒጂ ባክሬስት ይህን ክፍተት ይዘጋል፤ የሂሳብ ወይም የሆስፒታል ዳታ ለያዘ ሰው ያለማመንታት እንዲተክለው እንመክራለን። ሙሉ ባክአፕ ይይዛል፣ ከዚያ ለውጥ ሁሉ የሚጻፍባቸውን ዋል ፋይሎች (በተለመደው አሠራር እያንዳንዳቸው 16 ሜጋባይት ናቸው) እየተከታተለ በሌላ ማሽን ላይ ወዳለ ማከማቻ ይልካል።

ትልቁ ጥቅሙ ሰው ሲሳሳት ይታያል። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ቴብል ተሰረዘ እንበል። የሪስቶሩን (ዳታ የመመለሱን) ዓይነት «ታይም» አድርጋችሁ የምትጽፉት ዒላማ 14:29 ነው፤ መጨረሻው ላይ የግድ +03 (የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንደሚቀድም ማሳያ) ይጨመር። ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ስረዛው የተፈጸመው በእሱ አቆጣጠር 11:30 ላይ ነው። +03 ከቀረ 14:29ን የራሱ ሰዓት አድርጎ ይወስደውና ስረዛውን አልፎ ይሄዳል፤ ቴብሉም እንደገና ይጠፋል። ትክክለኛውን ሰዓት ከሰው ትዝታ አትውሰዱ። ፖስትግሬስ የዲዲኤል (ቴብል መፍጠሪያና መሰረዣ) ትእዛዞችን ሎግ እንዲያደርግ አስቀድሞ ከተስተካከለ ደቂቃውን ከነሰከንዱ ታገኛላችሁ።

ዒላማው ላይ ሲደርስ በነባሪ ቅንብሩ ለአፍታ ይቆማል፣ ገብታችሁ ዳታውን ማየት ትችላላችሁ። ቀድሞ ቆሞ ከሆነ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ፣ ዒላማውን ወደፊት ገፍታችሁ ማስነሳት ነው። ካለፈ ግን ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፤ ከባክአፑ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ጥቂት ቀደም ካለ ደቂቃ ተነሡ።

ጉድለቱ አንድ ቴብል ብቻ ነጥሎ መመለስ አለመቻሉ ነው። አንድ ዳታቤዝ መምረጥ ይቻላል፣ ከዚያ በታች አይወርድም። መፍትሔው ሥራ ላይ ያለውን ሳይነኩ በሌላ ማሽን መመለስ፣ የጠፋውን ቴብል በፒጂ ደምፕ አውጥቶ ወደ ዋናው መጫን ነው። በዚያ ማሽን ስትመልሱ አርካይቭ ሞዱን (ዋል የመላኩን ቅንብር) ኦፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ መሞከሪያው የራሱን ዋል ወደ ዋናው ማከማቻ መላክ ይጀምራል።

ዲስክ ሲበላሽ ከሁሉ በፊት የሚደረግ ነገር አለ። የአሮጌው ዲስክ ዋል ማህደር የሚነበብ ከሆነ ወደ ሌላ ቦታ ቅዱት። ያልተላኩት የመጨረሻ ደቂቃዎች ያሉት እዚያ ነው። የዴልታ ሪስቶር የተለወጡ ፋይሎችን ብቻ ስለሚያመጣ ትልቅ ዳታቤዝ ላይ ጊዜ ይቆጥባል፣ ነገር ግን በባክአፑ ውስጥ የሌለውን ፋይል ስለሚሰርዝ ሳይቀዱ ማስጀመር አደገኛ ነው። ግብይቱ ቀዝቃዛ በሆነ ሰርቨር ላይ ደግሞ 16 ሜጋባይቱ እስኪሞላ ዋሉ አይላክም፤ አርካይቭ ታይምአውቱን (ፋይሉ ባይሞላም የሚላክበትን የጊዜ ገደብ) 60 ሰከንድ ማድረግ ይረዳል።

ወደ ማከማቻው መላክ ሲያቅተው ዋሉ እየተጠራቀመ ዲስኩን ይሞላል፣ ዳታቤዙም ይቆማል። ፋይሎቹን በእጅ መሰረዝ ፈጽሞ አይገባም፣ ዳታቤዙ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። የወረፋ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ ጣሪያው ሲታለፍ ግን ዋሉ ስለሚጣል አዲስ ባክአፕ እስኪያዝ ድረስ ከዚያ በኋላ ወዳለ ደቂቃ መመለስ አይቻልም። መላኩ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን «ቼክ» የሚለውን ትእዛዝ በየቀኑ በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሣ መሣሪያ) ማስኬድና ሲከሽፍ መልእክት እንዲልክ ማድረግ ቀላል ነው።

ማከማቻው ኤኢኤስ 256 በተባለው የምስጠራ ዘዴ ሊመሰጠር ይችላል። የይለፍ ቃሉ የሚቀመጠው በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ቅጂው ከሁለቱም ማሽኖች ውጭ ይኑር።