የወጪ መጋራት ውል፦ ከጎጃም ርቆ ለሚመደብ ተማሪ ያዋጣል?

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከሞጣ ተነስቶ ጅማ ወይም ሐዋሳ ለተመደበ ልጅ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት የሚሻል ብድር ማግኘት ይከብዳል። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። የሚከፍለውም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። ከሌላ ክልል መምጣት ዋጋ አይጨምርም።

ጣጣው ያለው ቅጹ ላይ ነው። በየዓመቱ ይፈረማል፤ ብዙዎች ግን ሳያነቡ ፈርመው ይሮጣሉ። ምግብና መኝታ የሚለውን ረድፍ ደጋግማችሁ እዩ። ባሕር ዳር ተመድቦ አክስቱ ቤት የሚያድር ልጅ ለዶርም ከፈረመ፣ ያልተኛበት አልጋ ዕዳ ይሆንበታል። በጥሬ ገንዘብ የሚወሰደው የምግብ ብርም ስጦታ አይደለም፤ ይመለሳል። የእያንዳንዱን ዓመት ቅጂ አስቀምጡ፤ የአያት ስም በአንድ ፊደል ቢዛነፍ እንኳ ኋላ ደጅ ያስጠናል።

ውሉ የማይሸፍነው ትራንስፖርትን ነው፤ ለሩቅ ተመዳቢ ደግሞ ዋናው ወጪ እሱ ነው። አንሶላና ብርድ ልብስም ከቤት ይጠየቃል፤ ጋቢ ካለ አዲስ መግዛት ትርፍ ነው። በሶ ግን አይቅር!