ኤፍኤስሲ ወይስ ፒኢኤፍሲ? ለየትኛው ማኅተም ነው የሚከፈለው?

ጣውላ ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። «የቱ ይሻላል? ለምንስ ነው የሚወደደው?» ሁለቱም እንጨቱ በኃላፊነት ከሚተዳደር ደን መምጣቱን የሚመሰክሩ ዓለም አቀፍ ማኅተሞች ናቸው። እኔ ወደ ኤፍኤስሲ አደላለሁ። ግን ለሁሉም እንጨት አይደለም።

ከዋጋው እንጀምር። ማኅተም ያለበት ጣውላ የሚወደደው እንጨቱ ስለሚበልጥ አይደለም። የደኑ ባለቤት፣ መሰንጠቂያው፣ አስመጪው፣ ነጋዴው፣ ሁሉም ለኦዲት ይከፍላሉ። ወጪው ዞሮ ዞሮ ገዢው ላይ ያርፋል። ጣውላው በደንብ መድረቁን ማኅተሙ አይነግራችሁም፤ እርጥብ ከሆነ ኤፍኤስሲም ቢሆን ይጣመማል። «ሰርተፍኬት ስላለው ጥራቱ ልዩ ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ፒኢኤፍሲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ ሲሆን በደን ስፋት ከኤፍኤስሲ ይበልጣል። የየአገሩን የደን ምስክርነት ሥርዓት መርምሮ ዕውቅና ይሰጣል፤ ስለዚህ ጥብቅነቱ ከአገር አገር ይለያያል። ከስዊድን ወይም ከፊንላንድ ለመጣ ጥድ ይህ ብዙም አያሳስበኝም። ርካሹን እወስዳለሁ። ከሐሩር አገሮች ወደሚመጡት እንደ ቲክና ማሆጋኒ ያሉ እንጨቶች ስንደርስ ግን ኤፍኤስሲ እንጂ ሌላ አልገዛም። በኤፍኤስሲ ውስጥ የአካባቢ ተቆርቋሪው፣ የማኅበረሰብ ተሟጋቹና ነጋዴው እኩል ድምፅ አላቸው፤ አንዱ ብቻውን እንዳሻው አይወስንም።

ኤፍኤስሲ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «መቶ በመቶ» የሚለው ሙሉ በሙሉ ከተመሰከረለት ደን የመጣ ነው፤ «ሚክስ» የሚለው ደግሞ ቅልቅል ነው። ሁለቱ አንዳንዴ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ሚክስ በክሬዲት ስሌት (ፋብሪካው በገዛው የተመሰከረለት እንጨት መጠን ልክ ማኅተም ያለው ምርት እንዲሸጥ በሚፈቅድ ሂሳብ) ከተሸጠ፣ የያዛችሁት ጣውላ ጨርሶ ከተመሰከረለት ደን ላይመጣ ይችላል። ይህ በደንቡ የተፈቀደ ነው። ለሚክስ የመቶ በመቶውን ዋጋ አትክፈሉ እንጂ።

ፎርጅዱን በተመለከተ፣ ተለጣፊውን እርሱትና ደረሰኙን ተመልከቱ። የሻጩ የሰርተፍኬት ቁጥርና የማኅተሙ ዓይነት («መቶ በመቶ» ወይም «ሚክስ») እዚያ ካልሰፈረ ከደኑ እስከ ሻጩ ያለው የምስክርነት ሰንሰለት ተቋርጧል፤ ማኅተሙም ዋጋ የለውም። ቁጥሩን በኤፍኤስሲ ድረ ገጽ ላይ በነፃ መፈለግ ይቻላል። «አለ» ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ አለመታገዱንና የትኞቹን ምርቶች እንደሚሸፍን እዩ። አንድ ወዳጄ የገዛው ቲክ ላይ የተለጠፈው ቁጥር እውነተኛ ነበር፤ ባለቤቱ ግን ወረቀት የሚሸጥ ድርጅት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ሁለቱም የሩሲያንና የቤላሩስን እንጨት አይቀበሉም። «የሩሲያ በርች፣ ኤፍኤስሲ ያለው» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትድከሙ፣ እለፉት።

ሻጩ «ቁጥሩን ነገ አመጣለሁ» ካለ ምልክት በሌለው ጣውላ ዋጋ ተከራከሩት። ለጥድ ያዋጣል። ቲክ ከሆነ ግን በዚያ ዋጋም አልገዛም።